ከሃያው ደቂቃ የተረፈው

"አያታችን ቦታውን ሲያቀኑት ሰፈሩ እሾህ ብቻ ነበር" አለች የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከጠበቃዋ ስልክ ላይ መንቀል አልቻለችም። ስልኩ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጦ ከሃያ ደቂቃ ወደ ታች ይቆጥራል። ምክሩ ነጻ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። ውጭ አግዳሚው ላይ ሰባት ሰው ተራውን ይጠብቃል። አሥራ አራት ደቂቃ ቀርቷል፤ እህቷ ደግሞ ገና እሾህ እየመነጠረች ነው።

ጉዳዩ እኮ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እናቷን አሥራ አንድ ዓመት አስታምማ ቀብራለች። የምትኖረውም፣ የስፌት መኪናዋን ተክላ እንጀራዋን የምታገኘውም በእናቷ ቤት ነው። አሁን ወንድማቸው ቤቱን ሊሸጠው ተነስቶ "ልቀቂ" ብሏታል። ብትወጣ መግቢያ የላትም። ያስወጣኛል ወይስ አያስወጣኝም? ይህችን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስታሳጥራት ስታጠብባት ሰንብታ ነው የመጣችው።

"እትዬ፣ እሱን አሁን ተይው።"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጠበቃዋ ካልሰማች ምኑን ትመክርሻለች?"

ይቺው እህቷ ናት እንግዲህ ጠዋት "ደህና ምክር ቢኖራት በነጻ ታድለው ነበር? አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ" ስትላት የነበረችው። አልሄድም ብላ ስታበቃ ደግሞ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለቻት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አንዴ ጫማዬ ላጠኝ ብላ፣ አንዴም ያለ ምክንያት። እዚህ ከገቡ ወዲህ ግን አፏ አልተዘጋም።

"...ከዚያ አባታችን ጓሮውን ሲያጥሩ..."

ዘጠኝ ደቂቃ። ልብስ ሰፊዋ እግሯ ጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፔዳል የለመደ እግር ነው፣ ሲጨንቀው ባዶውን ይረግጣል። እህቷን በዚያች ሰዓት ከልቧ ጠላቻት።

"ይቅርታ እናቴ፣ ላቋርጥዎት" አለች ጠበቃዋ። ገና ወጣት ናት፤ እስካሁን አንዲት ቃል አልጻፈችም። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። "እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶዎታል?"

"ኧረ ምንም አልደረሰኝም። በአፉ ነው የሚያስፈራራኝ።"

"እንደዚያ ከሆነ ጊዜ አለን" አለች ጠበቃዋ፣ ትከሻዋም ዘና አለ። የእናትየው የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ታስረዳት ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ግን ከግማሹ በኋላ መስማት አቆመች። የእህቷ ድምፅ ጠፍቷል። እህቷ ሰው ሲናገር ጸጥ ብላ አታውቅም።

ዞራ አየቻት። ታላቅ እህቷ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

"እትዬ?"

መጀመሪያ መሀረብ ወጣ። ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ ያለቀ የክኒን ሽፋን። በመጨረሻ ለአራት የታጠፈ፣ ጥግ ጥጉ የሻከረ ወረቀት።

"ክር ልትገዢ የወጣሽ ቀን ነው የፍርድ ቤቱ ሰው ይዞት የመጣው" አለች፣ ለወረቀቱ የምትነግር ይመስል አንገቷን ደፍታ። "ለቤተሰብም ይሰጣል አለኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩት። ደም ግፊት አለብሽ፣ ሐኪሙ አትደንግጪ ብሎሻል። ቀን ጠብቄ፣ ሰው ይዤ እነግራታለሁ ብዬ ነው። የአባታችንን ሞት እንኳ አብልቼሽ አይደል የነገርኩሽ? ሦስት ሳምንት በሆዴ ይዤው እንቅልፍ የለኝም።"

ጠበቃዋ ወረቀቱን ነጠቀቻት ማለት ይቻላል። ዓይኗ ቁልቁል ሮጦ ታች ማኅተሙ ላይ ቆመ።

"ነገ" አለች። "ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ካልቀረቡ እርስዎ በሌሉበት ሊወሰን ይችላል።"

አራት ደቂቃ። ጠበቃዋ አሁን ጻፈች፣ እየተናገረች ጻፈች። "ከሁለት ተኩል በፊት እዚያ ይድረሱ። መጥሪያው ዛሬ ነው እጄ የገባው፣ መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ይሰጠኝ ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። አያትዎን አያንሱ።"

"ያስወጣኛል ወይ?"

"እሱን ዛሬ ልነግርዎት አልችልም። ነገ ካልሄዱ ግን አዎ፣ ሊያስወጣዎት ይችላል።"

ስልኩ ጮኸ። በሩን ከውጭ ሰው ቆረቆረው።

ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ልትሰድባት አፏን ከፈተች፣ ስድቡ ግን ብዙ ሆኖ በአንዴ አልወጣ አላት። በነጻ ያገኘችው መጥሪያ ደርሶዎታል የምትለውን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው። ያቺን የሚጠይቃት ሰው ባይኖር ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋ ነበር።

"ቦርሳውን ስጪኝ" አለች።

"ሌላ የለም። እናታችንን!"

"ስጪኝ ብያለሁ፣ እትዬ።"

ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ እጇን እስከ ታች ሰዳ ኪስ በኪስ፣ ገበሩን እንኳ ሳይቀር በጣቶቿ ዳሰሰች። ስፌቱ የተተረተረበት ቦታ ስታገኝ ጣቷን አስገባች። ታላቅ እህቷ እጆቿን ወደ ጎን አንጠልጥላ፣ ተፈታሽ ሆና ቆማለች። የሚወርዱ የሚወጡ ሰዎች እያዩአቸው ያልፋሉ።

እውነትም ሌላ የለም። መጥሪያውን ከራሷ ጡት ሥር ከተተችው፣ ቦርሳውን መለሰችላት።

"ነገ ትመጫለሽ። አፍሽን ዘግተሽ።"

"እሺ" አለች ታላቋ፣ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ወደ ደረጃው አየት አድርጋ ቆም አለች፤ መውረድ ጉልበቷን ያማታል። ልብስ ሰፊዋ ንዴቷ ሳይበርድ ክንዷን ያዘቻትና አንድ አንድ እርከን ታወርዳት ጀመር።