ሳላንገጫግጭህ

መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ በራሱ ፍሬን ያዘ። ከኋላ የሬሳ ሳጥኑ ተንሸራተተና ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ብረት ጋር ድው ብሎ ተጋጨ።

«ከፊት ለፊትዎ ሰው አለ» አለች የመኪናው ስክሪን ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ በዚያ ማር በተቀባ ድምጿ። «እባክዎ ይጠንቀቁ።»

ሰው መኖሩንማ ሹፌሩ መች አጣው? ከፊቱ የሟች ወንድሞች፣ ከግራ ከቀኙ የጋራዡ ሠራተኞች፣ ከኋላ ጎረቤቱ በሙሉ። ቀብር ነው እንግዲህ። ሠላሳ ዓመት የአስከሬን መኪና ሲነዳ ሥራው ይኸው ነበር፤ በሰው መሃል፣ በሰው እርምጃ ልክ መሄድ። አሮጌው መኪና ክላቹን በእግር ጫፍ ከያዙለት ዝም ብሎ ይከተል ነበር። ይሄኛው ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰው ሲቀርበው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ ደግሞ ለምን እንደቆመ ያስረዳል። ሳጥን ማሰሪያ የሚሆን ቀለበት እንኳ የለውም፤ የወንበር ማሞቂያ ግን አለው።

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጓደኛው ነው፤ አሮጌውን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮው እያዳመጠ ሲጠግን የኖረው መካኒክ። ባለፈው ወር ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቃል ገብቶለት ነበር። «እኔው ራሴ ነኝ የምወስድህ፤ ሳላንገጫግጭህ» አለው። በሽተኛውም በከሳ ፊቱ ፈገግ ብሎ «አንተ ደግሞ መቼ መንዳት ለመድክ?» ብሎ ነበር የመለሰለት።

የሟች ሚስት መስኮቱን ቆረቆረች። መኪናውን ተደግፋ ነበር የምትሄደው።

«ምንድን ነው ድው የሚለው?»

«ምንም አይደል፣ እታለም።»

«ሦስት ጊዜ ሰማሁ። እሱ ነው አይደል የሚጋጨው?» ሹፌሩ በመስታወቱ ሳጥኑን አየ። «ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ወገቡን ጨረሰ። ዛሬ እንኳ ይረፍ እንጂ» አለች። አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

መኪናውን ላመጡት ሰዎች ደወለ።

«ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው፣ ጌታዬ» አለው ባለሙያው። «ሰዎቹን ትንሽ ራቅ ያድርጓቸው።»

«ቀባሪዎች ናቸው፣ ወንድሜ። ከቀብሩ ወዴት ላርቃቸው?»

«እሺ፤ ስክሪኑ ላይ ‹ተሽከርካሪ› የሚለው ውስጥ ይግቡ፣ ከዚያ ‹ደኅንነት›፣ ከዚያ ‹የአሽከርካሪ ድጋፍ›…»

ጣቱ አልቦት ስክሪኑ አልሰማ አለው። በሱሪው ጠርጎ ቢነካው ወንበሩ መሞቅ ጀመረ። ሌላ ቦታ ሲነካ የዝናብ መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ሲጥ ሲጥ እያደረገ ተነሳ፤ ከፊት የሚሄዱት ዘወር ብለው አዩት። አፈረ። ድሮ በእጅና በእግር የሚያልቀው ነገር ዛሬ እንደ ቢሮ ጉዳይ በር ለበር መንከራተት ሆኗል። እንደምንም በራሱ የሚይዘውን ፍሬን ማጥፊያ አገኘና አጠፋው፤ እግሩንም ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ። አሥር እርምጃ ሄዱ።

«ለደኅንነትዎ ሲባል ሥርዓቱ ተመልሶ በርቷል» አለች ሴትዮዋ። ሳጥኑም ለአራተኛ ጊዜ ድው አለ።

ደከመው። ንዴት እንኳ አይደለም፤ ለንዴትም ጉልበት ያሻል። በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው መንገድ ላይ እንደ ጀማሪ መታረም ነው ያደከመው። ሞተሩን አጠፋ።

ከጋራዡ ሰዎች መሃል በያጁ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ፍሪ ያድርጉልንና እንግፋው። መግፋት እንደሆነ ልማዳችን ነው።»

«ሲጠፋ ጎማውን ራሱ ይቆልፋል።»

በያጁ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አየው። «እሱ ይሄን ሳያይ መሞቱ ደግ» አለ።

ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ከዚያ የሟች ሚስት ፊት ቆመ። እስከ መካነ መቃብሩ በር አራት መቶ ሜትር ይቀራል፤ እሱም ዳገት ነው።

«እታለም፣ ቃሌን በላሁ። ይቅር በይኝ። ተሸክመን እንውሰደው።»

የሟች ሚስት አየችውና በአንገቷ እሺ አለች።

አምስት ሰዎች ሳጥኑን ስበው አወጡት። ስድስተኛው ሊገባ ሲል ሹፌሩ ቀደመውና የፊቱን ማዕዘን ያዘ።

«እርስዎ እንኳ ይቅርብዎት» አለው በያጁ። «ዳገት ነው፤ ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ይመመኝ» አለ ሹፌሩ።

አነሱት። ክብደቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ እግሩን ሰፋ አድርጎ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ስንቱን አድርሷል፤ በር ከፍቶ ገለል ይል ነበር እንጂ አንዱንም በትከሻው ችሎ አያውቅም። በሽታ እንደዚያ አመንምኖት የሞተ ሰው እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም።

ከኋላቸው የስክሪኑ ሴትዮ ባዶውን መኪና «የኋላ በር ክፍት ነው» እያለች ታስጠነቅቅ ነበር። ማንም ዞር አላለም። ሹፌሩ እግሩን እየመረጠ ያሳርፋል፤ አምስቱም እርምጃቸውን በእሱ እርምጃ ለክተው ይከተሉታል። ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

ዳገቱ መሃል ሲደርሱ የእንጨቱ ጠርዝ አጥንቱን ይበላው ጀመር። እርምጃውን ሳያዛንፍ ቀጠለ። የሟች ሚስት ግን ከጎኑ እየሄደች አየችው። ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደች፤ እየተራመደች አራት አድርጋ አጠፈችና በእንጨቱና በትከሻው መሃል ወተፈችለት።