ከአሥር ሁለት

ጽጌረዳ አንድ ዲሽዳሻ፣ ያን የዐረብ ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ ሙሉ ተኩሳ ሰቅላለች፤ ዘፈኑ ግን ገና አልጀመረም። በጆሮ ማዳመጫው የሚገባው ነፋስ ነው። ነፋስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነፋስ። ጊታር የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም።

«ኧረ በማርያም ጀምሩ!» ትላለች፣ ካውያው ላይ አፍጥጣ።

ዐረብ አገር፣ ሳልዋ ሰፈር፣ በሠራተኝነት ያለችበት ቪላ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮሮና መጥቶ፣ ሀዝር ተብሎ ከቤት መውጣት ከተከለከለ ወዲህ አሠሪዋ ባባ ቢሮ አይሄድም፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም፣ ማዳም የትም አትሄድም። የሁሉም ልብስ ግን ይቆሽሻል። የትም ሳይወጣ በምን እንደሚቆሽሽ እግዜር ይወቀው።

ጽጌረዳ በፓስፖርቷ ሃያ አምስት፣ በእናቷ ቆጠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግጥም ያለው ዘፈን መስማት ትታለች። ከሰማች አብራ ትዘፍናለች፤ ማዳም ትጮኻለች። አልዘፍንም ብላ ከቻለችው ደግሞ ታለቅሳለች፤ ማዳም ያን ጊዜም ትጮኻለች። ከተማ ካፌ የምትሠራው ሃና ቃል የሌለው ሮክና ሜታል ስትልክላት ነው የተገላገለችው።

አሁን በዋትስአፕ አራት ሴቶች ሆነዋል። ቡድኑን «አፍ የለሽ» ብለውታል፤ አራቱንም ለሚያውቅ ሰው ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። በየሳምንቱ አንዷ ዘፈን ትመርጣለች፣ ሌላዋ ሰምታ በድምፅ ትፈርዳለች። ሕጉ ሁለት ነው፦ እያሳለፉ መስማት የለም፣ መዋሸት የለም። የጽጌረዳ ምላስ ደግሞ ቆዳ ይገፍፋል። ከአሥር ከአራት በላይ ሰጥታ አታውቅም።

የዛሬውን የመረጠችው ጀህራ ሰው ቤት የምትሠራው ዘነበወርቅ ናት። ኮሮና ይዟት ሰገነት ላይ ያለች ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ከተዘጋባት ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ምግቧን በር ላይ አስቀምጠው ይሮጣሉ። ትናንት የላከችው ድምፅ አራት ቃል ብቻ ነበር፣ በየመሀሉ ትንፋሿ እያፏጨ።

«ዘፈኔን... ስሚልኝ... እሺ... ጽጌ።»

አምስተኛው ደቂቃ ላይ የጽጌረዳ ትዕግሥት ያልቃል። አሥራ አራት ደቂቃ ነው እኮ! በጣቷ ገፍታ መጨረሻው ላይ ትደርስና ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋለች። የታመመ ሰው አይሰደብም። በማር የተለወሰ ድምፅ ታወጣለች።

«ዘንዬ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ደስ የሚል ዘፈን ነው! አሥር ከአሥር።»

ትልከዋለች። ለድሃ የመጸወተች ያህል ደስ ይላታል። ሁለተኛውን ዲሽዳሻ ዘርግታ ውሃ ስትረጭበት መልስ ይመጣል።

«ጽጌ... ምን ሰማሽ? ማዳሜ... ደወለችልሽ? ... ልሞት ነው?»

ካውያውን አቁማ ስልኩን ታነሣለች። መልሷን ሳትቀዳ ሃና በቀጥታ ትደውላለች።

«አንቺ ቀውስ! በቁሟ ሙሾ ታወርጂላታለሽ?»

«አመሰገንኳት እንጂ ምን አልኩ?»

«እሱ ነዋ! አንቺ ሰው የምታመሰግኚው መቼ ነው? እኔ ራሴ ስሰማው ሞታለች ብዬ ነው የደነገጥኩት። አሁን ደውላልኝ እዬዬ እያለች ነው። በዚያች ትንፋሿ!»

«ጽጌ! ያላ!» ትጣራለች ማዳም ከታች።

«መጣሁ ማዳም!» ትላለች። አትመጣም።

ዘፈኑን ከዜሮ ትጀምረዋለች። አሁን ጣቷን አታስጠጋም። ነፋሱን ከነአቧራው ትሰማለች። ጊታሩን ትሰማለች። ከበሮውን በካውያዋ እየተከተለች ትቆጥራለች፤ ሰባት ላይ ደርሳ ስምንተኛውን ስትጠብቅ የለም፣ እንደገና አንድ ብሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ካውያውን ብድግ አድርጋ ትቆማለች፣ ጨርቁ እንዳይቃጠል። ዘፈኑ ሲያልቅ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ስሚ ዘነበወርቅ። የቅድሙ ውሸት ነው፤ ግማሹን አልሰማሁትም፣ ይቅር በዪኝ። አሁን ሰምቼዋለሁ፣ አንቺን ይቅር ማለቴን ግን እኔ እንጃ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ነፋስ። ነፋስማ ልብስ ሳሰጣ በነጻ እሰማለሁ! ከዚያ ጊታረኛው፣ ማዳም ቁልፏ ሲጠፋባት ቦርሳዋን እንደምትፈትሸው፣ ይፈትሻል፣ ይፈትሻል፣ አያገኝም። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው በሉት! ከበሮ መቺው ሰባት ቆጥሮ ስምንትን በልቶብኛል። ደረጃ ስወርድ የመጨረሻው ደረጃ የጠፋብኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞ ይሄን እያሰብሽ፣ እያወቅሽ ለሰው ትልኪያለሽ? በሽታው ሳንባሽን ነው የያዘው ወይስ ጆሮሽን?»

ትንፋሽ ትወስዳለች።

«ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ግን ሁሉም ዝም ብለው ቤዝ ጊታሩ ብቻውን የቀረ ጊዜ... እሱ ላይ ማዳም ሁለቴ ጠራችኝ መሰለኝ፣ አልሰማኋትም። ለሱ ብቻ ሁለት እሰጥሻለሁ። ከአሥር ሁለት። አንቺ ጆሮ ቢስ።»

ሳትሰማው፣ ሳትሰርዘው ትልከዋለች።

መልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ተከፍቷል። ማዳም እንደገና ትጣራለች። ጽጌረዳ ካውያውን ጨብጣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ መልእክቱን ለመስማት የሚፈጀውም ይኸው ነው። ሌላም ደቂቃ ያልፋል።

ድንገት በዘነበወርቅ ስም ሥር ትንሿ ማይክሮፎን ብቅ ትላለች። እየቀዳች ነው። ጽጌረዳ ታሰላለች። አራት ቃል፣ ቢበዛ አምስት፣ ከዚያ ትጠፋለች።

አትጠፋም። ሃና ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትጽፋለች፦ «አለቀልሽ። ልትሰድብሽ ነው።»

ጽጌረዳ ቀኝ እጅጌውን ትተኩሳለች። ማይክሮፎኗ አለች። ግራውን ትገለብጣለች። አለች። ጽጌረዳ ኮሌታው ላይ ደርሳ፣ ማዳም ደረጃውን እያጉረመረመች ስትወጣም፣ ጀህራ ያለችው ዘነበወርቅ ገና መናገሯን አልጨረሰችም።