ልጅየው የደፈናት ቀዳዳ

"አባዬ፣ ይቺን ቀዳዳ ማነው የበሳት?!"

ልጅየው ሚኒባሱ ሥር ተንጋሎ ነው የሚጮኸው...

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው መካኒክ። "ተዋት ልጄ። እሷ ባትኖር..."

"በቃ አባዬ! ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር በዚች እየሾለከ እኮ ነው! አንተ አሁን ቤት ቁጭ ብለህ እረፍ።"

ሠራተኛው ሁሉ ሰማ...

ጋራዡን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ወጡ።

ልጅየው ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ችግሩ ጎበዝ መሆኑን ያውቃል።

ቀዳዳዋን በብሎን ጥርቅም አደረጋት።

በማግስቱ ሚስቱና የአራት ዓመት ሴት ልጁ ከተራራው ማዶ ያለችውን የሚስቱን እናት ሊጠይቁ በዚያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ራሱ ነው ያሳፈራቸው።

ጉሙ ሰው አያሳይም...

አባቱ ጠዋት ቤት አልነበሩም። "አኩርፈው ነው" ብሎ አለፈው።

ጋራዥ ገብቶ ሌላ መኪና ሥር ተኛ። የቱርቦው ትኩስ አየር የሚቀዘቅዝበት ሳጥን ታቹ ላይ፣ እዚህም አባቱ የበሷት ያችው ዓይነት ቀዳዳ አለች። ጭቃ ደፍኗታል። በሽቦ ነካ ሲያደርጋት...

ውሃ! አንድ ብርጭቆ ሙሉ ፊቱ ላይ ወረደ።

ያኔ ገባው።

ትኩሱ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በብርድ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። መውጫ ካጣ ይጠራቀማል። ሹፌሩ ለመቅደም ነዳጅ ሲረግጥ ውሃው ባንዴ ሞተር ውስጥ ይገባል...

ሞተሩ ቀጥ ይላል። ዳገት ላይ... በጉም... ከፊት ጭነት መኪና እየመጣ...

ሚስቱ ጋ ደወለ። አይሠራም።

ሹፌሩ ጋ ደወለ። አይሠራም።

ደጋግሞ ደወለ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሹፌሩ ነው።

"ልጄስ?! ልጄ ደህና ናት?!"

"ኧረ ደህና ናት! ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። ስማ፣ አባትህን ዳገቱ ሥር አገኘናቸው። ከንጋት ጀምሮ ብርድ ላይ ቆመው ሲጠብቁን ነበር... መፍቻ ይዘው!"

"አባዬ? እዚያ ብርድ ላይ?"

"በዚያ ጭቃ በጀርባቸው ተኝተው አንድ ብሎን ፈቱ። የወረደውን ውሃ ብታየው!"

"ምን... ምን አሉ?"

"'ትናንት እኔው ተሳስቼ ደፍኛት ነው፣ እርጅና መጥፎ ነው' አሉ። ሚስትህማ ሳቀችባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ።"

ልጅየው ስልኩን ዘግቶ መኪናው ሥር ተመለሰ፤ የቀዳዳዋን ጭቃ ጠራርጎ አጸዳ...

ወዳጆቼ፣ ያልገባን ነገር ሁሉ ስህተት አይደለም። ከመድፈናችን በፊት "ለምንድነው?" ብለን ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል? አንዳንድ አባት ደግሞ ጥፋታችንን ተሸክሞ ይሳቅብኝ ይላል እንጂ እኛን አያሳፍርም።

እስቲ ንገሩኝ... ልጅየው እናንተ ብትሆኑ፣ ማታ አባታችሁ ጭቃ በጭቃ ሆነው በሩን ሲከፍቱ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ይሆን ነበር? 👇