የእሁዱ መስኮት

የሻረግ መስኮቷን ባየች ቁጥር ትቆጣ ነበር። ካዛንቺስ ያለው የቀበሌ ቤቷ የመስኮት እንጨት በስብሶ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋዋን እየጎተተች ወደ በሩ ታስጠጋለች። አስሟ ደግሞ እርጥበት አይወድም። «ሌላ ክረምት በዚህ መስኮት አልገፋም» ብላ ግንቦት ላይ ማለች።

ባሏ ገብረመስቀል ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቄራ ወርዶ ዋጋ ጠያይቆ መጣና፣ ዕድሜ ልኩን ፈተና ሲያርምበት በኖረው ቀይ እስክሪብቶ በወረቀት ደረደረላት፤ እንጨት ሁለት ሺህ፣ ብረት ሦስት ሺህ፣ አልሙኒየም ሰባት ሺህ ተኩል።

«እንጨቱን ብናሳድሰውስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ያስበሰበሰኝ እንጨት አይደል እንዴ? አልሙኒየም ነው የምፈልገው። በቃ።»

እቁቧ ግማሹን ይሸፍናል። የቀረው የሰውየው የአስር ወር ጡረታ ነው። ገብረመስቀል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንደ ወደድሽ» አለ። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን «አይሆንም» ብሏት አያውቅም፤ የሻረግ በዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ላይ ትኮራበታለች።

የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። ፈቃድ ልጠይቅ ያለ ደግሞ ሲመላለስ ጫማው ያልቃል። ስለዚህ ሰፈሩ መላ አለው፤ የሚያድስ ሁሉ የሚያድሰው እሁድ ነው። ቢሮው ዝግ ነው፤ ገብቶ ያደረውን መስኮት ሰኞ ማን ይነቅለዋል?

ባለሙያው ሊካሳ ለእሁድ ተቀጠረ። ዓርብ ዕለት ጎረቤቷ አስቻለች እንደ ወትሮዋ የመብራት ቢሏን ለገብረመስቀል ልታስነብብ መጣች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው የምታስገቢው?»

«እሁድ» አለች የሻረግ። የሃያ ዓመት ጎረቤት ናት፣ ምን ትደብቃታለች።

እሁድ ጠዋት ሊካሳ መሰላሉን ገና ሳያቆም ሁለት የቀበሌ ሰዎች ደረሱ። «ጥቆማ ደርሶናል» አሉ። መስኮቱ በመጣበት መኪና ተመለሰ።

የሻረግ ደሟ ፈላ። ከቤቷ ውጪ ቀኑን የሚያውቁት ሊካሳና አስቻለች ናቸው። ሊካሳ በገዛ እንጀራው ላይ አይጠቁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው፣ ያቺን ሴት አላወቃትም።

ሰኔ ላይ ሌላ እሁድ ተቀጠረ። የሻረግ ለማንም አልተነፈሰችም። ግን ሊካሳ ልኬት ሊያጣራ ሲመጣ አስቻለች በራፏ ላይ በርበሬ ስትቀነጥስ አየችው። እሁድ የቀበሌ ሰዎቹ ከሊካሳ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ።

የሻረግ እድር ላይ፣ በሰው ፊት ተነሳች። «እዚህ መሃላችን ጠቋሚ አለች» ብላ በጣቷ አሳየቻት።

አስቻለች ብድግ አለች። «ማርያምን፣ የሻረግ፣ የቀበሌን ደጅ ረግጬ አላውቅም።»

«ተይ እንጂ፣ ጎረቤት ናት» አለ ገብረመስቀል ከወንዶቹ መሃል፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«አንተ ዝም በል። የዋህነትህ ነው የሚያስንቀን።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አስቻለች ቢሏን ይዛ ባለሱቁ ጋ መሄድ ጀመረች። ሐምሌ ሲገባ ገብረመስቀል መስኮቱ ላይ ላስቲክ መታበት፤ ላስቲኩም ውሃውን አላቆመውም። የሻረግ ሳሏ ግድግዳ አልፎ ይሰማ ነበር መሰል፣ አንድ ጠዋት አስቻለች ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጋ ላከችላት። የሻረግ ክዳኑን ሳትከፍት መለሰችው። ገብረመስቀል ይህን ሲያይ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውጭ ወጣ።

ነሐሴ ላይ ትንፋሿ ትንሽ ሲመለስላት ቀበሌ ሄደች። ያቺን ሴት ፍርድ ቤት ልታቆማት ቆርጣለች።

«የጠቆመችውን ሴት ስም አሳዩኝ» አለች ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ፣ እያለከለከች።

«እናቴ፣ ስም የለውም» አላት ጸሐፊው። «ሁለቱም ጊዜ በበሩ ሥር ሾልኮ የገባ ደብዳቤ ነው። ካላመኑ ይዩት።» ፋይሉን ከፍቶ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ እሷ ገፋቸው።

የሻረግ መነጽሯን አደረገች።

ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉ ነበሩ።