የአባባ ሞተር የኋላ ሞላ

መፍቻውን የሞላው ቀለበት ላይ አስገብቼ ስስብ፣ አባባ ከበረንዳው ሆኖ፣ "ተወው አልኩህ እኮ፣ ኢግናቲስ" ይለኛል።

አልተውም። ዛሬ ጠዋት በትንሿ ሞተሩ ዳቦ ላመጣ ወጥቼ፣ የወደቡ መንገድ ጠጠር ሁሉ ወገቤ ድረስ ተሰምቶኛል። የኋላው ሞላ እስከ መጨረሻው ጠብቋል። ብቻውን ለሚሄድ፣ ያውም ወገቡን ለሚያመው ሰው፣ ይህ ሥቃይ ነው። ፋሲካ ላይ ከአቴንስ ስመጣ ራሴ ለአንድ ሰው እንዲሆን አላልቼለት ነበር።

"ማነው ያጠበቀው?"

"እኔ ነኛ።"

አባባ ወይራ ሲገርዝ እጁ የተባረከ ነው፤ መፍቻ ከያዘ ግን አንድ ነገር ይሰበራል። ይህ ሥራ የእሱ አይደለም። የግራውም የቀኙም ቀለበት እኩል ጥርስ ላይ ናቸው። ግሪስ ተቀብተዋል፤ የተረፈው ግሪስ እንኳ በጨርቅ ተጠርጓል።

"ሲጠብቅ በየት በኩል ነው የሚዞረው?" እለዋለሁ።

ራዲዮውን ዝቅ ያደርጋል። ስለ ሙቀቱ ያወራል። ቀጥሎ ጾመ ፍልሰታ ስለ መፈታቱ፣ ዛሬ ማታ አደባባዩ ላይ ስለሚጠበሰው ሰርዲንና ስለሚጨፈረው ጭፈራ። እኔ ደግሞ ዓይኔ የኋላው የእግር መርገጫ ላይ ያርፋል። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ታጥፎ የዛገው መርገጫ ተዘርግቷል፤ ጎማው አዲስ ነው።

መፍቻውን አስቀምጣለሁ። "ማን ናት?"

"ሚርሲኒ" ይላል መሬት መሬት እያየ። ዕድሜ ልኳን የመንደሩን ፖስታ በሞተር ያደረሰችው ሚርሲኒ። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ መንዳት ተከልክላለች። አባባ እንደሚለው፣ አንድ ቀን ከኋላው አፈናጥጧት ሲሄድ፣ የዳቦ ቤቱ ጉብታ ላይ የእሱ ሞተር ከታች ቋ አለች። ሚርሲኒ እዚያው አስቁማ፣ 'ስትራቲስ፣ ሰው ነው ወይስ የወይራ ጆንያ የጫንከው?' ብላ፣ መፍቻ ከዳቦ ቤቱ አስመጥታ አጠበቀችው። እሱ ጨርቅ አቀበለ።

"ዛሬ ወደ ጭፈራው ልወስዳት አስቤ ነበር" ይላል። "አንተ ቅር ካለህ ግን ይቀራል።"

ቅር የሚለኝ ነገር ፈልጌ ትንሽ አገኛለሁ። እናቴ እዚያው የሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ ወደ ጎን ተቀምጣ ስትስቅ ይታየኛል። ቀጥሎ ደግሞ አባባ ለብቻው፣ ቆሞ፣ ከመጥበሻው ሲበላ።

ያላላሁትን መልሼ አጠብቃለሁ። "ንዳ፣ እንሞክረው።"

ከኋላው ወጥቼ ወገቡን እይዛለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ አቅፌው አላውቅም። ሽቶ ተቀብቷል።

"ቀስ፣ ሆዴን አፈነዳኸው እኮ።"

"እሷስ እንዴት ነው የምትይዝህ?"

"አርፈህ ተቀመጥ።" ጆሮው ይቀላል።

የዳቦ ቤቱን ጉብታ እንሻገራለን። ሞላው ዝቅ ብሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ቋ የሚል ነገር የለም። እዚያ ጋ ዞረን መመለስ ነበረብን፤ ሞተሯ ግን ትቀጥላለች። አንድ ሰማያዊ በር ፊት ትቆማለች፤ አባባም ሳያስበው ጥሩምባውን ሁለቴ ይነካል። ከነካው በኋላ ነው የሚደነግጠው።

"መጣሁ" ይላል ከውስጥ የሴት ድምፅ። "ሞላውን ማንም አልነካብኝም አይደል?"

አባባ ዞሮ ያየኛል። እኔ ቶሎ እወርድና፣ ጫማዬ አቧራ ያለበሰውን መርገጫ በሸሚዜ ጫፍ እጠርጋለሁ።