ያልመለሰው ቁጥር

የደም ባንኩ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ወጥቶ ነበር፤ የሚመለሰው አዲስ የኔትወርክ ቁጥር ሲሰጠው ነው። «ጋሼ፣ በሞቴ ይፍጠኑ! ወላዷ ደሟ እየፈሰሰ ነው፤ የደም ዓይነቷ በዚህ ኮምፒውተር ካልመጣ ደም አይሰጣትም» አለች ነርሷ ከኋላው ቆማ። የጥገና ሠራተኛው የኮምፒውተሮቹ ቁጥሮች የተመዘገቡበትን ደብተር ገለጠ፤ ሰባ አራት ቁጥር ክፍት ነው፣ ለማንም አልተሰጠም ይላል።

ቁጥሩን ጽፎ ሊያጸድቅ ሲል ጣቱ ተመለሰ። ደብተር ይረሳል፤ እሱ ደግሞ ሳያንኳኳ ቤት የማይገባ ሰው ነው። ቁጥሩን የያዘ ኮምፒውተር ካለ እንዲመልስ፣ መጀመሪያ ሰባ አራትን በኔትወርኩ ጠራው።

«ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?»

«መልስ።»

ሰባ አራት መለሰ፤ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኮምፒውተር ነበር። ቁጥሩን ደርቦ ቢሰጥ ኖሮ ሁለቱም ከኔትወርኩ ተቆርጠው ድዳ ይሆኑ ነበር።

ላቡን ጠርጎ ሰባ አምስትን ጠራ። አራት ጊዜ ጠራ፤ አራቱንም ዝም። ዝም ሲሉት እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። «ተመስገን» ብሎ ቁጥሩን አስገባ። ማተሚያው ሲያጓራ ነርሷ የደም ዓይነቱ የወጣበትን ወረቀት መንጭቃ ሮጠች። እሱም ደብተሩ ላይ ከሰባ አራት ጎን «ሰው አለ» ብሎ ጻፈ።