ስለ ሐብሐብ ሰባተኛው እውነታ

«እናታችሁን ምንድን ነው ያበላችኋቸው?»

ዶክተሯ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትወጣ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

ሦስቱ ልጆች ከአግዳሚው ላይ እኩል ተነሱ... ሹፌሩ ታላቅ ወንድም፣ መሃለኛው ልጅ፣ እና እናቷን ቤት ውላ የምታስታምመው የመጨረሻዋ ልጅ ሚጡ።

«ሐብሐብ» አለች ሚጡ።

«ምን ያህል?»

«ቅዳሜ ግማሹን... እሁድ ደግሞ የቀረውን። ጭማቂም አድርጌላት ነበር።»

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች።

እናትየው የኩላሊት ህመምተኛ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። የጠጣችው ውሃ መውጫ ስለሌለው በቀን የተፈቀደላት ግማሽ ሊትር ብቻ ነው።

ሚጡ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስምራበታለች... የጠዋት፣ የቀን፣ የማታ።

ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን እናትየው ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ «ሚጡዬ፣ ጉሮሮዬን ብቻ አርጥቢልኝ... አልውጠውም» እያለች ትለምን ነበር።

እናቱን ውሃ የከለከለ ሰው ያውቀዋል... ሌላው አይገባውም።

ቅዳሜ ግን ሐብሐቡን በላች። ጭማቂው አገጯ ላይ እየወረደ «ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ» አለች። ሚጡ ደስ ብሏት ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

«ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ነው» አለች ዶክተሯ። «ሳንባቸው ውሃ ይዟል። ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ... ጤነኛ ኩላሊት ያስወጣዋል፣ የእሳቸው አይችልም። ደማቸው ውስጥ በጣም በዝቷል። ልባቸውን ሊያቆመው ይችላል። የምንችለውን እያደረግን ነው።»

ተመልሳ ገባች።

ታላቅ ወንድም ወደ ሚጡ ዞረ።

«ማን ስጫት አለሽ?»

«ስልኬ ላይ አንብቤ ነው ጋሼ... ስለ ሐብሐብ ሰባት አስደናቂ እውነታዎች ይላል።»

ስልኩን ቀምቷት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«አንድ... ከመቶ ዘጠና ሁለት እጁ ውሃ ነው። ሁለት... ሆዱ ላይ ቢጫ ያለበትን ምረጡ፣ በደንብ የበሰለው እሱ ነው። ሦስት... ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ጨው ነስነስ አድርጉበት። አራት... ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ከአይስክሬም አያንስም። አምስት... ፍሬውን አትትፉት፣ ቆሉት። ስድስት... ነጩ ልጣጭም እንደ አትክልት ተሠርቶ ይበላል...»

ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

«ሰባት... ኩላሊት ያጥባል። ኩላሊቱን የሚያመው ወዳጅ ካላችሁ ዛሬውኑ አብሉት።»

«መቶ ሺህ ሰው ወዶታል እኮ ጋሼ» አለች ሚጡ።

«መቶ ሺህ ሐኪም ነው የወደደው?»

ታላቅ ወንድም ስልኩን ፊቷ ላይ ነቀነቀው።

«ዶክተሯን መጠየቅ ቢያቅትሽ እንኳ... ከእኛ አንዳችንን አትጠይቂም ነበር?»

ሚጡ ቀና ብላ መሃለኛውን ወንድሟን አየችው። ለአፍታ ያህል ነው።

ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ማንንም አልጠየቅኩም» አለች።

«እናትሽን ገደልሻት በቃ» አለ ታላቅ ወንድም። ስልኩን አግዳሚው ላይ ጣለው። «ይህን የጻፈውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን ባገኘው...»

መሃለኛው ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ነቀነቀ።

«ህሊና የለውም» አለ።

ይህ የሆነው ትናንት ጠዋት ነው።

እናትየው እስካሁን ዓይኗን አልገለጠችም። ታላቅ ወንድም ሚጡን አያናግራትም። ሚጡ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

የቀረውን ልንገራችሁ... ከዚህ በኋላ ያለው ለመጻፍ ይከብደኛል።

ሚጡ ጠይቃ ነበር።

አርብ ዕለት ጽሑፉን ለመሃለኛው ወንድሟ ልካ «አየኸው? ለእማዬ ይስማማት ይሆን?» ብላዋለች።

እሱ ቀይ ልብ ላከላት። ሌላ ምንም አልጻፈም።

ሥራ ላይ ነበር... ደግሞም ደስ ብሎት ነበር።

ምን አስደሰተው አትሉም?

ጽሑፉ የእሱ ነበር። ቤተሰቡ የማያውቀው ገጽ አለው። ስድስቱን እውነታዎች ከዚህም ከዚያም ለቃቀማቸው። ስድስት ቁጥር ለርዕስ አላምርህ አለው... ሰባት ሳይሻል አይቀርም ብሎ የመጨረሻውን ከራሱ ፈጠረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። እና ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ እናቱ ቤት መድረሱን ሲያይ ኮራ።

መሃለኛው ልጅ እኔ ነኝ።

ገጹም አሁን የምታነቡት ገጽ ነው።

ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። እናንተ ያጋራችሁትን ግን እኔ ማጥፋት አልችልም... እባካችሁ አጥፉልኝ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ሐብሐብ አትስጡት።

ሚጡ አሁን ከፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ እጇ ላይ ነው። ይህን ገጽ ትከታተላለች... እንደለጠፍኩት ታየዋለች።

በአፌ ልነግራት ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ መሰላችሁ። ፈራሁ። አሁንም ፈርቻለሁ።

ሚጡዬ... አንቺ አይደለሽም። እማዬን እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ለጋሼ ዋሽተሽ ስትሸፍኚኝ እያየሁ ዝም አልኩ።

ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው... የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ስንጽፍ፣ የሚያምነን የቸገረው ሰው ነው። ጤነኛው አንብቦ ያልፋል። የጨነቀው ግን ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ በእጁ ያጎርሳል።

አሁን እናንተን ልጠይቅ...

በሚጡ ቦታ ብትሆኑ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ ፊት ለፊታችሁ ብታገኙኝ... ምን ትሉኝ ነበር?